የ72 ቀን ሊቀ መንበር

ከሳሪስ ተነሥቶ ወደ መኻል ከተማ ለሥራ የሚወጣ ሰው በየማለዳው ጎተራን፣ ላንቻን፣ ጠመንጃ ያዥን፣ መሿለኪያን እያለፈ እስከ መስቀል አደባባይ ይደርሳል። እኔም የሳሪስ ነዋሪ በመሆኔ በዚህ መንገድ ከልጅነቴ ጀምሮ ስንት ጊዜ እንደ ተመላለስሁበት ልቈጥረው አልችልም። የቆየ ስሙ የደብረ ዘይት መንገድ ነው። ወደ ደቡብ ቢወርዱበት ቃሊቲንና አቃቂን አልፎ የአየር ኃይል ሰፈር ካለበት ከደብረ ዘይት፣ ዛሬ ቢሾፍቱ ከምንላት ከተማ ያደርሳል፤ ወደ ሰሜን ቢወጡበት ደግሞ የአራተኛው ክፍለ ጦር ጠቅላይ መምሪያ በነበረበት ግቢ በኩል ያልፋል። በ1966 ዓ.ም. የኢትዮጵያን መንግሥት ከሥሩ የነቀለው ነገር አብዛኛው የተመከረው በዚህ መንገድ ዳር ነው። ማለዳ በታክሲ ወረፋ ቆሞ ሰዓቱን የሚያይ የመንግሥት ሠራተኛ ይህን ሁሉ እንዲያስብ አይጠበቅበትም። ነገር ግን አንድ ቀን ጡረታ የወጡ አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ፣ በዚያ ግቢ ፊት አብረን ስናልፍ በጣታቸው እያመለከቱ፤ «እዚህ ቤት ጄኔራል ተጋብዞ ገባ፤ ጋባዦቹ ግን የበታቾቹ ነበሩ» አሉኝ። ነገሩ ከአእምሮዬ ስላልጠፋ የዛሬውን ንግግሬን ስለ እኒያ ጄኔራል፣ ማለት ስለ ሌፍተናንት ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም አድርጌዋለሁ።

አማን ሚካኤል አንዶም በ1916 ዓ.ም. ተወለዱ። ቤተ ሰባቸው የሐማሴን ሰው ሲሆን፣ አገሩ የስዊድን ወንጌላውያን ሚሲዮናውያን ገና በ19ኛው መቶ ዓመት የሰፈሩባት ጸዓዘጋ ናት። ኤርትራ በዚያ ጊዜ በጣልያን ቅኝ ግዛት ሥር ነበረች፤ ለአገሬው ልጅ የሚፈቀደው ትምህርትም ከጥቂት ክፍል አያልፍም ነበር። ስለዚህ ሳይሆን አይቀርም ብዙ የኤርትራ ቤተ ሰብ ልጁን ለማስተማር ወደ ሱዳን ይሻገር የነበረው። አማንም የተማሩት በካርቱም ነው። እንግዲህ ነገሩን ስናስተውለው፣ የአንድ ቅኝ ግዛት ተወላጅ በሌላ ቅኝ ግዛት ተምሮ የአንድ ነጻ መንግሥት መኮንን ለመሆን በቃ ማለት ነው። ጣልያን ከኢትዮጵያ በሚወጣበት ዘመን ከሱዳን በኩል ከኢትዮጵያ ጦር ጋር የተሰለፉት ወጣት አማን፣ ነጻነት ከተመለሰ በኋላ በሠራዊቱ ውስጥ ማዕረግ በማዕረግ እያደጉ ሄዱ። በኮሪያ ከዘመቱት የቃኘው መኮንኖችም አንዱ ነበሩ። የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ጦር በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅቡቲ በኩል በመርከብ እንደ ሄደ አንባብያን ያስታውሳሉ።

ስማቸው በሕዝብ ዘንድ የገነነው ግን በሐረር ነው። በ1950ዎቹ ዓመታት የሦስተኛው ክፍለ ጦር አዛዥ ሆነው የምሥራቁን ድንበር ሲጠብቁ ሳለ፣ በየካቲትና በመጋቢት 1956 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር ጦርነት ተነሣ። የሶማሊያ ሪፐብሊክ ነጻ ከወጣች ገና አራት ዓመት አልሞላትም ነበር፤ ኦጋዴን የእኔ ነው ትል ነበርና በቶጎ ውጫሌና በሌሎችም የድንበር ቦታዎች ውጊያ ሆነ። የሦስተኛው ክፍለ ጦር የመጣውን ጦር መልሶ አባረረ። አዛዡም «የበረሃው አንበሳ» ተባሉ። ወታደር እንዲህ ያለ ቅጽል በቢሮ ለተቀመጠ አዛዥ አያወጣም፤ የጄኔራሉን ስም ወደ ሰፈርና ወደ ገበያ ያወጣውም ይኸው ነው።

ነገር ግን ድሉ ከክብር ጋር ችግርም ይዞባቸው መጣ። ጄኔራል አማን ድንበር ተሻግረው ጠላትን በአገሩ ሊመቱት ይፈልጉ ነበር፤ ቤተ መንግሥቱ ግን አልፈቀደም። የቤተ መንግሥቱም አሳብ መሠረት የሌለው አልነበረም። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ከተመሠረተ ገና አንድ ዓመት አልሞላም። ቻርተሩ አባል አገሮች አንዱ የሌላውን የግዛት ወሰን እንዲያከብር ያዛል። የድርጅቱ አስተናጋጅ የሆነው ንጉሠ ነገሥት ራሱ ጦሩን ወደ ጎረቤት አገር ቢያዘምት ምን ይባል ነበር? ጉዳዩ በመጋቢት 1956 ዓ.ም. በሱዳን አሸማጋይነት በካርቱም በተደረገ ስምምነት ተቋጨ። ጄኔራሉም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከጦር አዛዥነታቸው ተነሥተው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ተደረጉ።

ለዛሬው አንባቢ ይህ ሹመት ምን ማለት እንደ ሆነ ማስረዳት ይገባኛል። በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት መሠረት ከሁለቱ ምክር ቤቶች የሕግ መምሪያው በሕዝብ ምርጫ ሲቆም፣ የሕግ መወሰኛው አባላት ግን የሚሾሙት በንጉሠ ነገሥቱ ነበር። ወንበሩ የክብር ወንበር ነው፤ ደመወዝም መኪናም አለው። ያም ሆኖ የሚታዘዝለት ወታደር የሌለው ጄኔራል የሚቀመጥበትም ወንበር ይኸው ነበር። መሥሪያ ቤት ውስጥ የሠራ ሰው ሁሉ «አማካሪ» ተብሎ ወደ ዳር ክፍል የተላከ ሹም ሳያይ አልቀረም፤ እርሱን ያስብ። ጄኔራል አማን ወደ አሥር ዓመት የሚጠጋ ጊዜ በዚህ ሁኔታ አሳለፉ። ሐረር ላይ የነበረው ስማቸው ግን አልደበዘዘም። እንዲያውም በቤተ መንግሥቱ የተገፋ ሰው መሆናቸው ለኋላው ጊዜ የሚጠቅም ሌላ ዝና ጨመረላቸው።

ወደ 1966 ዓ.ም. እንምጣ። በጥር 4 ቀን በነጌሌ ቦረና የሰፈሩ ወታደሮች በምግባቸውና በውኃቸው ብልሽት ተቈጥተው ዐመፁ። ሁኔታውን እንዲመረምሩ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥም ይዘው ወታደሩ የሚበላውን እንዲበሉ አደረጓቸው። በየካቲት የደብረ ዘይት አየር ኃይል ተከተለ። በዚያው ወር የቤንዚን ዋጋ በመጨመሩ የአዲስ አበባ የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራንና ተማሪዎችም ተነሡ። የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ በወሩ መጨረሻ ወረደ፤ ልጅ እንዳልካቸው መኰንን ተተኩ። ይህ ሁሉ ወታደሩ ስለ ደመወዙና ስለ ቀለቡ ያነሣው ጥያቄ ነበር እንጂ መንግሥት እንገልብጥ ያለ ገና አልነበረም።

ቁርጡ የለየው በሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን ከጦር ሠራዊቱ፣ ከክብር ዘበኛ፣ ከአየር ኃይል፣ ከባሕር ኃይል፣ ከፖሊስና ከብሔራዊ ጦር የተላኩ ተወካዮች ከላይ በጠቀስሁት በአራተኛው ክፍለ ጦር ግቢ ተሰብስበው አስተባባሪ ኮሚቴ አቋቋሙ። ቍጥራቸው ከመቶ በላይ ነበር። ኋላ «ደርግ» ተባሉ፤ ቃሉ የግእዝ ሆኖ ትርጉሙ ኮሚቴ ማለት ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ከቤተ ክህነት ሊቃውንት በቀር ማንም የሚያውቀው አይመስለኝም። የተወካዮቹ ማዕረግ ከተራ ወታደር እስከ ሻለቃ ብቻ ነበር። ከዚያ በላይ ያሉት መኮንኖች ከአሮጌው ሥርዓት ጋር የተሳሰሩ ናቸው ተብለው ስለ ታሙ እንዲገቡ አልተደረገም። ከሦስተኛው ክፍለ ጦር ከሐረር የመጡት ሻለቃ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም፣ ከአራተኛው ደግሞ ሻለቃ አጥናፉ አባተ ብዙም ሳይቆይ የስብሰባው አንደበት ሆኑ።

አድማጮች ሆይ፤ እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ያስፈልጋል። ሻለቆችና የመቶ አለቆች፣ የአምሳ አለቆችና የአሥር አለቆች አንድ አዳራሽ ተቀምጠው ሚኒስትር ያስይዛሉ፤ አገር ግን ገና ስማቸውን አያውቅም። ወታደሩ የለመደው ከላይ የሚወርድ ትእዛዝ ነው፤ ሕዝቡም የለመደው የታወቀ ፊት ነው፤ የውጭ አገር አምባሳደርም ደብዳቤውን የሚያቀርብለት አንድ ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ ኮሚቴው ሦስት ነገር የተሟላለት ሰው አስፈለገው፤ ይኸውም በወታደሩ የሚከበር፣ በሙስና ስሙ ያልተነሣ፣ ከቤተ መንግሥቱም ጋር ያልተመሳጠረ። ጄኔራል አማን ሦስቱንም አሟልተው ተገኙ። የኤርትራ ተወላጅ መሆናቸው ደግሞ አራተኛ ሆነ፤ ምክንያቱም በሰሜን የሚነደውን እሳት ለማጥፋት ከእርሳቸው የተሻለ ሰው አይገኝም ተብሎ ታሰበ።

እንግዲህ በኮሚቴው ጥያቄ በሰኔ ወር መጨረሻ የጠቅላይ ኤታ ማዦር ሹም፣ በሐምሌ ወር ልጅ ሚካኤል እምሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ የመከላከያ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን መውረዳቸው ተነግሯቸው፣ በአንዲት ትንሽ ቮልስዋገን መኪና ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወጥተው ወደዚያው ወደ አራተኛው ክፍለ ጦር ግቢ ተወሰዱ። ምክር ቤቶቹ ተዘጉ፤ ሕገ መንግሥቱ ታገደ፤ በውጭ አገር በሕክምና ላይ የነበሩት አልጋ ወራሽ ሲመለሱ ዘውድ ይጭናሉ ተባለ። እስከዚያው ድረስ የጊዜያዊው ወታደራዊ መንግሥት ሊቀ መንበር፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሊቀ መንበርና የመከላከያ ሚኒስትር ጄኔራል አማን ሆኑ። በዐሥር ዓመት ግድም ጊዜ ውስጥ ወታደር የማያዝዙት ሰው በአንድ ጥዋት የአገሩ ራስ ሆኑ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጥዋት ለማንም ሰው ጥሩ አማካሪ አይመስለኝም።

የዚህ ታሪክ ወንድም የሚሆን ሌላ ታሪክ በግብፅ አለ። በ1944 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ንጉሥ ፋሩቅን ያወረዱት የግብፅ ወጣት መኮንኖች እነ ጋማል አብደል ናስር ነበሩ። እነርሱም ዕድሜያቸው ትንሽ፣ ስማቸው ያልታወቀ ስለ ነበር፣ በፍልስጥኤም ጦርነት ቈስለው ዝና ያተረፉትን ጄኔራል ሙሐመድ ነጊብን ከፊታቸው አቆሙ። ነጊብም እንደ አማን የካርቱም ተማሪ ነበሩ፤ እንዲያውም የተወለዱት እዚያው ነው። ሕዝቡ ወደዳቸው፤ ሪፐብሊክ ሲታወጅ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ኋላ ግን ሽማግሌው ጄኔራል የምክር ቤት አስተዳደር ይመለስ፣ ወታደርም ወደ ሰፈሩ ይግባ ማለት ሲጀምሩ፣ ወጣቶቹ በኅዳር 1947 ዓ.ም. አንሥተው በቤታቸው አሰሯቸው። ሁለቱም ጄኔራሎች በገዛ ስማቸው የማይተማመን ኮሚቴ ስማቸውን ተውሶ ነበር። ያዋሰ ሰው ደግሞ ዕቃው የእርሱ እንደ ሆነ ያስባል፤ የተዋሰው ግን በእጁ ያለውን ብቻ ያያል።

ጄኔራል አማን ከመነሻው ከተመረጡት የኮሚቴው አባላት አንዱ አልነበሩም። በአዳራሹ ውስጥ የእርሳቸው ነው የሚባል የምርጫ ድምፅ አልነበራቸውም። እርሳቸው ራሳቸውን የመንግሥት መሪ አድርገው ያዩ ነበር፤ የኮሚቴው ሰዎች ደግሞ ጄኔራሉ ውሳኔያችንን የሚያስፈጽሙልን ናቸው ብለው ያምኑ ነበር። ከዚህ አለመግባባት ሦስት ክርክር ወጣ።

የመጀመሪያው ስለ ኮሚቴው ብዛት ነው። ጄኔራሉ ከመቶ በላይ ሰው አገር ሊያስተዳድር አይችልም፤ ቍጥሩ ይቀነስ፣ ቀሪው ወደ ጦር ክፍሉ ይመለስ አሉ። ወታደራዊ አሠራር ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ቅን አሳብ ነው። ነገር ግን ለመቀነስ የሚወሰነው በእነዚያው በሚቀነሱት ሰዎች ድምፅ መሆኑን ዘንግተውት ይሆን? ሁለተኛው ስለ ታሰሩት ባለ ሥልጣኖች ነው። በክረምቱ ወራት ሚኒስትሮች፣ ጄኔራሎች፣ መሳፍንትና መኳንንት በየተራ ተይዘው ነበር፤ ጥፋታቸውን የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽንም ተቋቁሞ እየሠራ ነበር። ጄኔራል አማን ያለ ፍርድ የሰው ደም እንዳይፈስ ተከራከሩ። አዲሱ መንግሥት ለውጡ ደም ሳይፈስበት በመፈጸሙ ይመካ ነበር፤ ሆኖም በመስከረም 27 ቀን 1967 ዓ.ም. የሲቪል መንግሥት ይቋቋም ብለው የጠየቁ የጦር ሠራዊት መሐንዲሶች ሰፈር በተኩስ ሲያዝ አምስት ሰው ሞቶ ነበርና፣ ትምክሕቱ ወር እንኳ አልሞላውም።

ሦስተኛውና ትልቁ ክርክር ስለ ኤርትራ ነው። ኤርትራ በተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ በመስከረም 1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴራሲዮን ተዋሕዳ ነበር፤ በኅዳር 1955 ዓ.ም. ፌዴራሲዮኑ ሲፈርስ ተራ ጠቅላይ ግዛት ሆነች። ነፍጥ ያነሡት ዐማፅያን ከ1953 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በበረሃ ነበሩ። ጄኔራል አማን ሥልጣን ከመያዛቸው ጥቂት ቀደም ብሎ በነሐሴ 1966 ዓ.ም.፣ ከያዙም በኋላ በመስከረም ማብቂያ 1967 ዓ.ም. ወደ ኤርትራ ወጥተው በየአውራጃው ዞሩ፤ ሕዝቡን በራሱ በትግርኛ ቋንቋ አነጋገሩ። አሳባቸው ባጭሩ እንዲህ ነበር፤ አንድነት ይጠበቅ፤ ነገር ግን ሕዝቡ የተበደለው ይታረም፤ የታሰሩት ይፈቱ፤ አስተዳደሩ ለአገሬው ሰው ይሰጥ፤ ዐማፅያኑም በጦር ሳይሆን በንግግር ይመለሱ። ከአዲስ አበባ ከመጣ ባለ ሥልጣን በትግርኛ እንዲህ ያለ ቃል መስማት ለአሥመራ ሕዝብ አዲስ ነገር ነበር፤ በሺሕ የሚቈጠር ሰው ሊሰማቸው ወጣ። በረሃ ያሉት መሪዎች በበኩላቸው ነጻነት እንጂ ሌላ አንቀበልም አሉ። እንግዲህ ጄኔራሉ በሁለት ወገን መካከል ቆሙ፤ በአንደኛው ወገን «ከሐዲ» ሊባሉ፣ በሌላው ወገን «ኤርትራዊ ነውና ያዳላል» ሊባሉ የሚችሉበት ቦታ ነው። ሁለቱም ተባሉ።

በኅዳር ወር መጀመሪያ ሻለቃ መንግሥቱ 5,000 ወታደር ወደ ኤርትራ ይላክ ሲሉ ጄኔራሉ እምቢ አሉ። እዚህ ላይ ግምቴን ልናገር። የ1956 ዓ.ም.ን ጦርነት ያየ ሰው በግልጽ ሜዳ ከሚመጣ የጎረቤት አገር ጦር ጋር መዋጋትና በገዛ ሕዝብ መካከል ከተሸሸገ ዐማፂ ጋር መዋጋት አንድ እንዳልሆነ ያውቃል። ሐረር ላይ ድንበር ልሻገር ያሉት ሰው አሥመራ ላይ ጦር አይጨመር ማለታቸው ተቃራኒ አይመስለኝም። ሁለቱም ጊዜ የተናገሩት ስለ ወታደራዊ ሥራ በሚያውቁት መጠን ነው፤ ሁለቱም ጊዜ በላያቸው ያለው አልሰማቸውም። ልዩነቱ፣ በ1956 ከላያቸው የነበረው ንጉሠ ነገሥት ወደ ምክር ቤት ወንበር ሲልካቸው፣ በ1967 ከላያቸው የነበረው ኮሚቴ የሚልክበት ወንበር አልነበረውም።

ጄኔራሉ ክርክሩ ሲከርር ከቢሮ ቀርተው በአዲስ አበባ ከሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው ተቀመጡ። ከዚያም ሆነው በሠራዊቱ ውስጥ ወዳሉ ወዳጆቻቸው፣ ይልቁንም ወደ ጥንቱ ሦስተኛ ክፍለ ጦር፣ የድጋፍ መልእክት ላኩ ተብሏል። ድጋፉ አልመጣም፤ ወይም በጊዜ አልደረሰም። እዚህ ላይ ያ የሰፈራችን ሽማግሌ ያሉኝን አንድ ነገር ጨምሬ ልንገራችሁ፤ «ወታደር የሚወደውን አዛዥ አይረሳም፤ የሚታዘዘው ግን ቀለብ የሚቈርጥለትን ነው» ብለውኛል። ጄኔራል አማን የሦስተኛውን ክፍለ ጦር ማዘዝ ከተዉ ወደ ዐሥር ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ የዚያው ክፍለ ጦር ተወካይ በአዳራሹ ውስጥ የነበሩትም ሻለቃ መንግሥቱ ናቸው።

ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ ታንክ ያለው ጦር ወደ ጄኔራሉ ቤት ተላከ። እጃቸውን አልሰጡም፤ ተኩስ ተጀመረ፤ እርሳቸውም እዚያው ሞቱ። ዕድሜያቸው 50 ዓመት ነበር። የመጨረሻይቱ ጥይት ከማን እጅ እንደ ወጣች እስከ ዛሬ ድረስ በሁለት ዓይነት ይነገራል። በዚያችው ሌሊት በከርቸሌ ሁለቱ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አክሊሉ ሀብተ ወልድና ልጅ እንዳልካቸው መኰንን፣ ልዑል ራስ አስራተ ካሣ፣ የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ ልዑል እስክንድር ደስታና ሌሎችም ሚኒስትሮችና ጄኔራሎች፣ ከደርጉ ጋር ያልተስማሙ ወታደሮችም ጭምር ተረሸኑ። ከጄኔራል አማን ጋር የሟቾቹ ቍጥር ወደ 60 ይደርሳል። መርማሪ ኮሚሽኑ ሥራውን አልጨረሰም ነበር።

ነገሩ በማግሥቱ እሑድ በራዲዮ ተነገረ። ወረቀቱ «ፖለቲካዊ ውሳኔ» ይል ነበር። እኔ በዚህ ሥራ ላይ ስለ ተሰማራሁ፣ ታሪኩን በሰማሁ ቍጥር የማስበው ያን ወረቀት ስለ ተቀበለው አንባቢ ነው። ከምንጊዜውም ይልቅ ድምፁን አስተካክሎ ማንበብ ነበረበት፤ ስሞቹ ደግሞ ከትናንት በስቲያ «ክቡር» እያለ ያነበባቸው ነበሩ።

ከአምስት ቀን በኋላ፣ ኅዳር 19፣ ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ሊቀ መንበር ሆኑ። እርሳቸውም ጄኔራል ነበሩ፤ ኮሚቴው ጄኔራል ከፊቱ ማቆሙን ገና አልተወም። በጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. እርሳቸውም ተገደሉ፤ በ1970 ዓ.ም. ኅዳር፣ ሻለቃ የነበሩት ሌፍተናንት ኮሎኔል አጥናፉ አባተ ተከተሉ። ከእንግዲህ የሚዋሱት ስም አላስፈለገም፤ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በገዛ ስማቸው እስከ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ገዙ። ጄኔራል አማን አይላክ ካሉት 5,000 ወታደር በስንት እጥፍ የሚበልጥ ጦር በእነዚያ ዓመታት ወደ ሰሜን ሄደ። ኤርትራ በግንቦት 1985 ዓ.ም. ነጻ መንግሥት ሆነች።

የግብፁ ጄኔራል ነጊብ ከብዙ ዓመት የቤት እስር በኋላ በፕሬዚዳንት ሳዳት ዘመን ተፈቱ፤ እስከ 1976 ዓ.ም. ኖሩ፤ የግብፅ ፕሬዚዳንት ስለ ነበሩበት ጊዜም መጽሐፍ ጽፈው ለአገራቸው ሰው አስነበቡ። ጄኔራል አማን ለዚህ አልታደሉም። በነሐሴና በመስከረም ወደ ኤርትራ ወጥተው ከአገር ሽማግሌዎች ጋር የተነጋገሩትን፣ በኅዳርም በዚያ አዳራሽ የተከራከሩትን ዛሬ የምናገኘው፣ አብረዋቸው ከነበሩት፣ ይልቁንም ከተቃወሟቸው ሰዎች አፍና ብዕር ነው።